ከቃሬዛው በፊት

ከደንበጫ ተነሥቶ ጅጋን አልፎ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት፣ በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ በሰው ላይ ጆንያ የደረበ ባጃጅ ከኋላው ጥሩምባ የሚነፋበትን አይሱዙ ላሳልፍ ብሎ ጠርዝ ሲይዝ ይገለበጣል። አቧራው ሳይበርድ ቦታው በሰው ይሞላል። ገበያተኛው አህያውን ለልጁ አስይዞ ይሮጣል፤ ከማሳ ያለው ሞፈሩን ይጥላል፤ የሚኒባስ ረዳት መኪናው ሳይቆም ይወርዳል። ወድቆ በተኛው ጎልማሳ ዙሪያ ሁሉም ባንድ አፍ ያዛል። «ኧረ ውኃ አምጡ!» «ዞር በሉ፣ አየር ይግባው!» «አቅኑት እንጂ፣ እንዲህ ይተኛል እንዴ!» አንዱ ከብብቱ ሌላው ከእግሩ ይዘው ብድግ ሲያደርጉት አንገቱ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው ከሚደማው ጭኑ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ነጠላው ወዲያው ይቀላል፤ የሚጫነው ግን የለም። ጥቂት ሳይቆይ ሰውየው ባለፈ ፒክአፕ ኋላ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ወደ ከተማ ይከንፋል። የቀረው ሕዝብ «ተመስገን፣ መኪና ተገኘለት» እያለ ይበተናል።

በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሰው ይህን ትዕይንት በአንድ መልኩ ወይም በሌላ ሳያይ አልቀረም። ስለ አደጋ ሲወራ «ሰው ጨክኗል፣ ቆሞ ያያል» የሚለውን ወቀሳ ከአዲስ አበባ ሰዎች እሰማለሁ። እዚህ ግን አይሠራም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር የወደቀ አይቶ የሚያልፍ ሰው ከተገኘ ስሙ ለዓመታት ሲነሣ ይኖራል። ችግራችን ሌላ ነው። መሸከም እናውቃለን። ከአባቶቻችን የተረከብነው ነው፤ ሌሊት ሌሊቱን፣ በጭቃ፣ ወንዝ ተሻግረን እንሸከማለን። የማናውቀው ከመሸከም በፊት ያሉትን ጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ መሀሏን ይሰነጥቃታል። ሆስፒታልም አላት። ማንኩሳን አልፎ የምትገኘው ቡሬ ደግሞ መንታ መንገድ ላይ ናት፤ አንዱ ወደ እንጅባራና ባሕር ዳር ይወጣል፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል። በቆሎ የጫነው፣ በርበሬ የጫነው፣ ዘይት የጫነው ከባድ መኪና ሁሉ በነዚህ ከተሞች ዋና ጎዳና ከጋሪውና ከባጃጁ ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ለአስፋልት ዳር ሰው ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ሌላ ዓለም ነው። ከወንበርማ ቆላ ወደ ሽንዲ፣ ከደጋ ዳሞት ጎጦች ወደ ፈረስ ቤት፣ ከሰከላ ሸንተረሮች ወደ ግሽ ዓባይ፣ ከቋሪት ወደ ገበዘ ማርያም የሚወስደው የእግር መንገድ በክረምት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቀው የሄደበት ነው። ጤና ኬላው ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ ደም የሚሰጥበትና ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት ቤት ግን ቅርብ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች ስለ እናቶች ሞት ሲጽፉ መዘግየትን በሦስት ከፍለውት ነበር፤ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። የእኛ የጤና ባለሙያዎች ይህን በቃላቸው ያውቁታል። አምቡላንስ ለየወረዳው የታደለው፣ በብዙ የአማራ ክልል ቀበሌዎችም ቃሬዛ የጋራ ንብረት ሆኖ ምጥ የጠናባትን ሴት በተራ መሸከም የተደራጀው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው። በገጠር ግን ሰው የሚደውለው ለሚያውቀው ነው፤ የአምቡላንስ ሹፌሩን የእጅ ስልክ የምትይዘው ብዙውን ጊዜ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ አምቡላንሱ ሌላ ጫፍ ሲሄድ የሚቀረው ቃሬዛው ነው። ቃሬዛ ከሌለም ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና በሁለት ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አሳልፎ፣ የጆንያዎቹን ታች ማዕዘኖች ቀዶ፣ በአምስት ደቂቃ ሊሠራ ይችላል። ይህን ለጎጃም ገበሬ ማስተማር አያስፈልግም።

ስለ ደም ግን መነጋገር ያስፈልጋል።

የአንድ ጎልማሳ ሰው ደም አምስት ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ ሲሶው ከፈሰሰ ሕይወቱ አፋፍ ላይ ነች። የጭን ትልቁ የደም ሥር ሲቆረጥ ይህ ለመሆን የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ፒክአፕ እስኪገኝ፣ ሰው እስኪጫን፣ «ማን አብሮት ይሂድ» እስኪባባሉ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ማለት ነው። በምጣድ ዳርም፣ በእንጨት ፈለጣም፣ በመኪና አደጋም ደም ሲፈስ እኛ ዘንድ የተለመደው የቡና ዱቄት መነስነስ ነው። ሌላው ሊጥ፣ ሌላው አፈር ይለጥፋል። ቡናው ደሙን ይጠጣው ይመስላል፤ ቁስሉ ውስጥ የሚቀረው ግን ቆሻሻ ነው፣ ሥሩም አልተዘጋም። ሥር የሚዘጋው በጫና ነው። ነጠላ፣ ሻሽ፣ የሸሚዝ ቅዳጅ፣ የተገኘ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ተደርጎ በመዳፍ፣ ከላይ ሆኖ፣ በሙሉ የሰውነት ክብደት መጫን ነው። እጅን ከደሙ ለመጠበቅ የሱቅ ፌስታል እንደ ጓንት ይጠለቃል። ጨርቁ ቢርስ ሌላ ይደረብበታል እንጂ የመጀመሪያው አይነሣም። «እስቲ ቆመ እንዴ» እያሉ በየደቂቃው ገልጦ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ያፈርሰዋል። የተሰካ ነገር ካለ፣ ስለትም ይሁን እንጨት፣ አይነቀልም፤ ዳርና ዳሩ ተደግፎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል።

የክንድ ወይም የእግር ደም ተጭነውትም ካልቆመ ማሰር ይመጣል። አራትና አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ፣ ከቁስሉ ከፍ ብሎ፣ በቁስሉና በገላው መካከል፣ ጉልበትና ክርን ላይ ሳይሆን፣ አንዴ ተቋጥሮ ዱላ ይገባበትና ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል። ያማል፤ የታሠረው ሰው «ፍቱልኝ» ብሎ ይለምናል። አይፈታም። የታሠረበት ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም እጁ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ ለሐኪሙም ይነገራል። ሲባጎ፣ ሽቦና የኤሌክትሪክ ገመድ አይሆኑም፤ ሥጋ ይቆርጣሉ፣ የደም ሥሩን ግን በቅጡ አይዘጉም። ይህ ዘዴ ለረጅም ጊዜ «እግር ያስቆርጣል» ተብሎ ከመጀመሪያ እርዳታ መጻሕፍት ሊወጣ ደርሶ ነበር። ባለፉት ሃያ ዓመታት ግን የጦር ሜዳ ሐኪሞች ልምድ መልሶ አስገባው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ተራውን ሰው ደም ማቆም የሚያስተምር አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ።

እኛ ጋ የጦር ሜዳው ራሱ ወደ ከተማ መጥቷል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ፍኖተ ሰላም ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ተመታች። የሆስፒታሉ ኃላፊ ለዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን እንደተናገሩት ቢያንስ 26 ሰዎች ሲሞቱ ከ50 በላይ ቆስለዋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በዚያው ሰሞን ባወጣው መግለጫ ፍኖተ ሰላምና ቡሬን ጥቃት ደርሶባቸዋል የሚል ሪፖርት ከቀረበባቸው ከተሞች ውስጥ ጠርቷቸዋል። ከ50 በላይ ቁስለኛ ባንድ ቀን ሲገባበት የማይጨነቅ ሆስፒታል በአገሪቱ ብዙ የለም። እንዲህ ባለ ቀን ከበሩ ሳይደርስ ደሙ የቆመለት ቁስለኛ ለራሱም ይተርፋል፣ ለሐኪሙም ጊዜ ያተርፍለታል። አምቡላንስ ይመጣል ብሎ መጠበቅም ዋስትና አልሆነም። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና ሆስፒታል ግቢ አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ቢያንስ 4 ሲቪሎች መገደላቸውን ሂውማን ራይትስ ዎች ዘግቧል።

ሐኪም በሌለበት የሰፈር ሰው ምን ያህል ሊያደርግ ይችላል ለሚለው ጥያቄ እኔ የማውቀው ምርጥ መልስ የመጣው ከሰሜን ኢራቅና ከካምቦዲያ ነው። ሁለቱም ፈንጂ የተዘራባቸው፣ መንገድ የሌላቸው የገጠር አገሮች ነበሩ። የኖርዌዩ ሐኪም ሃንስ ሁሱምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባለው ጊዜ 135 የጤና ረዳቶችንና ከ5,000 በላይ የመንደር ሰዎችን፣ ገበሬዎችንና ልጆችን ጭምር፣ አሠለጠኑ። ትምህርቱ ቀላል ነበር፤ ደም አቁም፣ የመተንፈሻ መንገድ ክፈት፣ ቁስለኛውን አሙቅ፣ ከዚያ አንቀሳቅስ። ቀድሞ ከ100 ከባድ ቁስለኞች 40 ይሞቱ ነበር፤ በጥናቱ ዘመን ወደ 15 ወረደ። ጋና ውስጥ ደግሞ 335 የታክሲና የጭነት መኪና ሹፌሮች የስድስት ሰዓት ትምህርት ተሰጣቸው። ከአሥር ወራት ገደማ በኋላ ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሆኑት በመንገድ ላይ ሰው ረድተው ነበር። አደጋ ላይ ከማንም ቀድሞ የሚደርሰው ሹፌር መሆኑን ጋናዎቹ አስተውለዋል። የእኛም የባጃጅ ወጣቶችና የሚኒባስ ረዳቶች ከዚያ የተለዩ አይደሉም።

«ቁስለኛውን አሙቅ» የምትለዋ ትዕዛዝ እንዳታመልጥ። ደም የፈሰሰው ሰው በቆላው ሐሩር እንኳ ይበርደዋል፤ የበረደው ሰው ደም ደግሞ ለመርጋት ይቸግረዋል። ከደጋ ዳሞት ሌሊት በቃሬዛ የሚወርድ ሰው ከላይ ጋቢ ይለብሳል፣ ከሥሩ ግን ሸራ ብቻ ነው። አንዱ ጋቢ ከሥር፣ ሌላው ከላይ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ባጃጁ ጎልማሳ ልመለስ። ራሱን የሳተ ሰው ላይ እኛ ሦስት ነገር እናደርጋለን፤ ውኃ እንረጨዋለን፣ ውኃ እናጠጣዋለን፣ ቀና አድርገን እናስቀምጠዋለን። ሦስቱም ጉዳት አላቸው፤ ሁለተኛው ግን ይገድላል። ራሱን የሳተ ሰው መዋጥ አይችልም፣ ውኃው የሚሄደው ወደ ሳንባው ነው። በጀርባው ሲንጋለል ደግሞ የገዛ ምላሱ፣ ደሙና ትውከቱ ጉሮሮውን ይዘጋሉ። ፒክአፑ ላይ የተደረገውም ይኸው ነው። እስትንፋስ ካለው በጎኑ ይተኛል፤ አንድ ጉልበቱ ታጥፎ ወደ ፊት፣ ራሱ ትንሽ ወደ ኋላ ቀና ብሎ፣ አፉ ወደ መሬት እንዲያጋድል። ከዚህ የቀለለና የዚህን ያህል ሕይወት የሚያተርፍ ነገር አላውቅም። ከመኪና ወይም ከዛፍ የወደቀ ሰው ግን አንገቱና አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋ በቀር አይጎተትም። መገልበጥ ግድ ከሆነም አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ሌሎች ትከሻውንና ዳሌውን ይይዛሉ፣ በአንድ ሰው ትዕዛዝ ባንድ ላይ ያዞሩታል። ትዕዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህች ነገር ለኛ ከሁሉም በላይ የምትከብድ ይመስለኛል።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። ወለምታና ውልቃት የሚያስተካክሉ ባለ እጅ ሰዎች አሉ፤ አልክድም። ነገር ግን ለተሰበረ ክንድ ቀርከሃ ጠፍሮ አጥብቆ ማሰር የብዙ ልጆችን እጅ ለቆረጣ ዳርጓል፤ የኢትዮጵያ የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉት ጉዳይ ነው። ማንም ይሰር፣ ምንም ይሰር፣ ጣቶቹ መታየት አለባቸው። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ልጁ «ደነዘዘኝ» ካለ፣ ወይም በሕመም ሌሊቱን ሲጮኽ ካደረ ወዲያው ይላላል። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ የወጌሻ ጉዳይ አይደለም።

ክብሪቱም አለ። ሰው ድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥና አረፋ ሲደፍቅ ከሕዝቡ አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ይይዝለታል፤ ቀሪው ይሸሻል፣ ለሃጩ ያጋባል ተብሎ ይታመናልና። የሚጥል በሽታ በለሃጭም በአረፋም አይጋባም። ክብሪቱም ምንም አያመጣም፤ መንፈራገጡ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚያበቃበት ጊዜ ስለሆነ ክብሪቱ ያስቆመው ይመስላል። የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ከምድጃና ከድንጋይ ማራቅ፣ ራሱ ሥር ኩታ ማጠፍ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ማላላት፣ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ እንጨት፣ ጣት አይከተትም። መንፈራገጡ አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በአገራችን ብዙ የሚጥል ሕመምተኞች ክፉኛ የሚጎዱት በበሽታው ሳይሆን ሲወድቁ በሚያገኛቸው እሳት ነው፤ ሰው ሸሽቶ ሳለ።

እሳት ካነሣን፣ ለተቃጠለ ገላ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ ሁሉም ይቅሩ። የወጥ ወይም የፈላ ውኃ የተደፋበት ሕፃን ልብሱና አምባሩ ይወልቅለት፤ የተቃጠለው ቦታ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ቧንቧ በሌለበት በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ ነው። ሃያ ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ረጅም ነው፤ ግን ቃጠሎው ወደ ውስጥ መግባቱን የሚያስቆመው እርሱ ነው።

እርሻው የራሱ አደጋ አለው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የበቆሎ አገር ናቸው፤ በቆሎ ባለበት ነቀዝ አለ፣ ነቀዝ ባለበት መድኃኒት አለ። ነቀዝ ለመግደል ጎተራና ጆንያ ውስጥ የሚጣለው ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ መርዘኛ ጋዝ ይለቃል፤ ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ በታከመ እህል ጎን ማደር ቤተሰብ ይጨርሳል። የአረምና የተባይ መርጫው ደግሞ በቆዳም ይገባል። የረጨው ሰው ለሃጩ ሲዝረበረብ፣ ዓይኑ ሲያነባ፣ ሲያልበው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው መርዙ ገብቶበታል ማለት ነው። ወደ ንጹሕ አየር ይወሰዳል፣ ልብሱ ይወልቃል፣ ገላው በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠባል፤ የሚያጥበውም እጁን በፌስታል ይሸፍናል። ጠጥቶት ከሆነ እንዲያስታውክ ማድረግ አይገባም፤ ወተትም መርዙን አያወጣውም፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ፈጥኖ ወደ ሕክምና፤ ጠርሙሱ ወይም ፓኬቱ አብሮ ይሂድ። ሐኪሙ ምን መስጠት እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በመንገድ ላይ አለመውቀስም የእርዳታው አካል ነው።

እባብ የነደፈውን እግር በምላጭ መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍና በገመድ ማነቅ ጉዳቱን ያብሳሉ። ቀለበት፣ አምባርና አልቦ እብጠቱ ሳይመጣ ይወልቃሉ፤ እግሩ እንደ ስብራት በእንጨት ይደገፋል፤ ሰውየው አይራመድም። ለዚህማ ቃሬዛችን ተገኝቶለታል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ የእባብ መርዝ ማርከሻ አሁንም በየገጠሩ እንደልብ የሚገኝ አይደለም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሳሙና ነው፤ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በዚያው ቀን ክትባት ፍለጋ መሄድ። ወደ መድኃኒተኛ ሄዶ «ጥሩ ነው፣ ምንም አልሆንኩ» እያለ ሳምንታት የሚያሳልፍ ሰው ምልክቱ ከወጣበት መሞቱ አይቀርም ማለት ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

በሐምሌና በነሐሴ ተምጫ፣ ብር፣ ላህና ፈጣም ሲሞሉ በየዓመቱ እረኞችና ተሻጋሪዎች ይወሰዳሉ፤ ዘለው ከገቡት አዳኞችም አብረው የሚቀሩ አሉ። መግባት የመጨረሻው አማራጭ ነው። አስቀድሞ ዱላ ይዘረጋል፣ መጫኛ ይወረወራል፣ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይጣላል። ከውኃ የወጣውን ሰው ዘቅዝቆ ሆዱን መጭመቅ አየር የሚገባበትን ጊዜ ያባክናል። የማይተነፍስ ከሆነ አገጩ ቀና ተደርጎ፣ አፍንጫው ተይዞ፣ በአፉ ትንፋሽ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ደረቱ መሀል፣ በሁለት መዳፍ ተደራርቦ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሰምጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይገፋል። 30 ግፊት፣ ሁለት ትንፋሽ፣ እንደገና። መብረቅ የመታው ሰውም እንዲሁ ይረዳል፤ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ እሳት የለም፣ መንካቱ አያስፈራም። ይህን ደረት የመግፋት ዘዴ ሦስት የጆንስ ሆፕኪንስ ሰዎች ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ዋና ጥቅሙ መሣሪያ አለመፈለጉ ነው። የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል። ይሰበር።

አንድ ነገር ግን ሰውን በእውነት ያስራል። «ብነካው በኔ እጅ ይሞታል፣ ፖሊስ ይይዘኛል፣ ምስክር ሆኜ ስመላለስ እርሻዬ ጦም ያድራል።» ይህ ፍርሃት ከሹፌሮች ዘንድ በተለይ ይሰማል፤ መሠረት የለውም ማለትም አልችልም፣ የተመላለሰ ሰው አለና። ሕጉ ግን የሚያዘው በተቃራኒው ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ በራሱም ሆነ በሌላ ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ጥሎ የሄደን ይቀጣል፤ እስከ ስድስት ወር እስራት ሊያደርስ ይችላል። ራሱ ያቆሰለው ወይም በሙያው የመርዳት ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድንን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው (አዋጁ ሲወጣ እስከ 2,000 ብር የሚደርስ) አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ መብት ሰጥቷል። «ቅድሚያ ክፈሉ» ቢባሉ ይህን አዋጅ በቁጥሩ መጥራት አይከፋም። ፖሊሶችም፣ የወረዳ ፍትሕ ጽሕፈት ቤቶችም ቁስለኛ ያደረሰን ሹፌር አመስግነው ቶሎ ቢሸኙት ከማንኛውም ቅስቀሳ ይበልጥ ነበር።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ እየተከማቸ በነበረበት ክረምት። ቀይ መስቀል ራሱ የተነሣው ከአንድ መንገደኛ ነው። ሄንሪ ዱናንት ሐኪም አልነበረም፣ ነጋዴ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ለጉዳዩ ሲጓዝ ሶልፌሪኖ ላይ በሺሕ የሚቆጠሩ ቁስለኞች ወድቀው አገኘና ከካስቲሊዮኔ ሴቶች ጋር ቁስል ማጠብ ጀመረ። ሁሉም የጀመሩት ባላቸው ነበር፤ በውኃና በጨርቅ።

እኛ ከነሱ የተሻለ አለን፤ እድር አለን። ግን የእድራችንን ዕቃ ቤት እዩት። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ትሪ፤ ሁሉም ሰው ከሞተ በኋላ የሚያገለግል ነው። ሰው ሳይሞት የሚያገለግል ነገር የያዘ እድር እምብዛም አላጋጠመኝም። አንድ ቃሬዛ፣ ሁለት ጋቢ፣ ጥቂት የጎማ ጓንት፣ ፋሻ፣ ሳሙና፣ አንድ ረጅም መጫኛና ባዶ ጀሪካን፣ በበሩም ላይ የአምቡላንስ ሹፌሩና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ ከ907 ጋር በትልቁ ተጽፎ። ይህ ለአንድ እድር ከአንድ ድንኳን ዋጋ በጣም ያነሰ ነው።

እናም የፍኖተ ሰላም፣ የጅጋ፣ የማንኩሳ፣ የቡሬና የሽንዲ የእድር ዳኞች ሆይ፤ የባጃጅና የመናኸሪያ ማኅበራት ኃላፊዎችም፤ የሚቀጥለውን ስብሰባችሁን ቀን ስትቆርጡ የቀበሌያችሁን የጤና ባለሙያ ጥሩና አንድ ሰዓት ስጧት። ደም እንዴት እንደሚጫኑ፣ ሰው እንዴት በጎኑ እንደሚተኛ በመሬት ላይ ታሳያችሁ፤ ወጣቶቹም በተራ እጃቸውን እያሳረፉ ይሞክሩት።